ቃጭል ያሰረች እጅ

የአሪሞ ወንዝ ለኤልዛር መንግሥት ውኃ ብቻ አልነበረም፤ መርዶ ነጋሪም ነበር። በከርቦ አምባ እስር ቤት አእምሮው የታወከ እስረኛ ሲሞት የአንገቱ ቃጭል በራሱ ይፈታል፤ ጠባቂዎቹም ከቅል ጋር አስረው ወንዙ ላይ ይጥሉታል። የጠልባ መንደር ሰዎች ከዳር ቆመው የማን ምልክት እንዳለበት ያያሉ። በዚያ ክረምት መባቻ ግን በአንድ ማለዳ ዘጠኝ ቅል ተንሳፍፎ ወረደ። ሽማግሌዎቹ «ይህ የቁጣ ምልክት ነው» አሉ፤ የማን ቁጣ እንደሆነ ለመናገር ግን የደፈረ አልነበረም።

ዘሚካ እስከ ወገቧ ወንዙ ውስጥ ገብታ ዘጠኙንም አገላበጠች። የምትፈልገው በወንድሟ ቃጭል ላይ በገዛ እጇ በቢላ የጫረችውን የወይራ ቅጠል ምልክት ነበር። አጣችው። ደስ አላት፤ ጎረቤቷ እማማ ወርጤ አንዱን ቃጭል እንደ ሕፃን አቅፈው መሬት ላይ ሲቀመጡ ግን በደስታዋ አፈረች።

ወንድሟ አርከል ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት የጀመረው በሃያ ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ድምፁ «ማሩ ተመርዟል፣ ሕዝቡን አድን» አለውና የንጉሡን የማር ጋኖች በዱላ ሰባበረ። ሦስት ወር ተፈረደበት። በከርቦ አምባ ግን ሲጠሩት ያልመለሰ፣ ሲያስነሱት ያልተነሣ፣ ለብቻው ያወራ ሁሉ ወር ይጨመርበታል። በሽታው ራሱ ጥፋት ሆኖበት ሦስቱ ወር ስድስት ዓመት ሆነ። በሕጉ በታመመው አንገት ላይ ቃጭሉን የሚያስረው ዘመዱ ነው፤ ካሰረችው እጅ በቀርም ማንም አይፈታውም። ሊወስደው የመጣው ወታደር «የቃጭሉ ድምፅ የውስጡን ድምፅ ያባርርለታል፤ ድኖ ይመለስልሻል» ሲላት ዘሚካ ቃሉን አምና አሰረችለት። ምነው ያን ቀን እጇ በተቆረጠ!

«አሪሞ ስማኝ!» አለች ከውኃው ሳትወጣ። «ያሰረችው ይህች ቀኝ እጄ ናት። ወንድሜን እስክትፈታ ድረስ እህል አትነካም። ይህን ባፈርስ ውኃህን ንፈገኝ!»

ወደ ከርቦ አምባ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቁት ሠላሳ ዓመት የአምባው ጠባቂ የነበሩት አባ ጎንጥ ብቻ ነበሩ። በመንደሩ ሰላም የሚላቸው ሰው አልነበረም።

«መንገዱን ብቻ ያሳዩኝ» አለቻቸው።

«እኔም የምፈታው አለኝ፣ ልጄ» አሉ። «ዘመድ የሌላቸውን፣ ከገበያ ታፍሰው የመጡትን አርባ አንድ ሰዎች ያሰርኳቸው እኔ ነኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ ወግቼም አልረሳሁ።»

አብረው በተነሡ በሦስተኛው ቀን የሚጣራው ነፋስ ወዳለበት የጨው ሜዳ ገቡ። ያ ነፋስ በሚወዱት ሰው ድምፅ እየጠራ መንገደኛውን ከመንገድ ያስወጣል። አባ ጎንጥ ዘሚካን በገመድ ከወገባቸው ጋር አሰሯት። ምሳ ሲበሉም «በግራ እጅሽ እየበላሽ ማን ይመርቅሻል?» እያሉ ሊያስቋት ሞከሩ፤ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ አርከል ሲጠራት እየሰማች ታለቅስ ነበር።

«ሁልጊዜ እንዲህ እየሰማ ነው የኖረው?»

«ላንቺ እንኳ ሜዳው ሲያልቅ ያልቃል» አሉ አባ ጎንጥ።

በሰባተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ አምባው ደረሱ። ከበሩ ፊት ጉማር ተኝቷል፤ ቆዳው እንደ አዞ የሆነ፣ ዓይን የሌለው አውሬ። ጉማር የሚያድነው የቃጭል ድምፅ ተከትሎ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ያመለጠ እስረኛ የለም። ጠባቂዎቹ እሱን ተማምነው ጥላ ሥር ገበጣ ይጫወታሉ። አባ ጎንጥን ስለሚያውቁ በሩን ከፈቱላቸው።

ነፍሰ ገዳዮቹ በግቢው ፀሐይ ይሞቃሉ። በሽተኞቹ ያሉት ከታች፣ ዋሻ ውስጥ ነው። አንዱ ሲገላበጥ ቃጭሉ ይጮኻል፤ ያ ሌላውን ይቀሰቅሳል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዚያ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል። ዘሚካ ያን ጊዜ ገባት። ያሰረችለት ነገር ድምፁን አላባረረለትም፤ ሌላ ድምፅ ጨመረበት እንጂ።

አርከል ጥግ ይዞ፣ የቃጭሉን ምላስ እንዳይጮኽ በሁለት ጣቶቹ ቆንጥጦ ተቀምጧል። ጣቶቹ እንደዚያው ደርቀው ቀርተዋል።

«አርከልዬ፣ እኔ ነኝ።»

ረጅም ጊዜ አያት። «ዘሚካ ትመጣለች» አለ በሹክሹክታ። «ስታስረኝ እመጣለሁ ብላኛለች። አንቺ ማነሽ?»

በቀኝ እጇ ቋጠሮውን ነካችው፤ ተፈታ። ቃጭሉ ከወደቀም በኋላ የአርከል ጣቶች አየሩን ቆንጥጠው ቀሩ።

አባ ጎንጥ ካሰሯቸው አርባ አንድ ሰዎች በሕይወት ያገኙት ሃያ ስድስቱን ነበር። እያንዳንዱን «ይቅር በለኝ» እያሉ ፈቱ። የወደቁት ቃጭሎች ግን ድንጋዩ ላይ አንቃጨሉና በሩ ላይ ጉማር አገሳ።

«ቃጭሎቹን እንወርውርለት!» አለች ዘሚካ።

«የተወረወረ ቃጭል ዝም ይላል። አውሬውም ዘመድ መጥቶ ወዳልፈታቸው ይመለሳል» አሉ ሽማግሌው፤ ሃያ ሰባቱንም በገመድ ሰክተው አንገታቸው ላይ እያጠለቁ። «ሠላሳ ዓመት በሰው አንገት ላይ አስሬ፣ አንድ ቀን በራሴ አንገት ላይ አልሞከርኩትም። እንዴት ይከብዳል፣ ልጄ! በሉ፣ እናንተ በመጣንበት በምዕራቡ በር ውጡ።»

በምሥራቁ በር ወጥተው በዚያ እርጅናቸው ሮጡ። ጉማር ተከተላቸው፤ ጠባቂዎቹም ከአውሬው ሸሽተው ተበተኑ። የቃጭሎቹ ጩኸት ወደ ገደሉ አፋፍ እየራቀ ሄደ፤ ከዚያ ቁልቁል ወረደና ጠፋ። ዘሚካ ጆሮዋን አቅንታ ጠበቀች። ምንም አልተሰማም።

አውሬው ከአባ ጎንጥ ጋር ገደል ገብቶ ስለሞተ ቃጭሉ እስረኛ መጠበቂያ መሆኑ ቀረ፤ ንጉሥ ሶርማንም ቃጭል የማሰሩን ሕግ ሻረ፤ ዘመድም እየመጣ የየራሱን ፈታ። ዘመድ ያልመጣላቸውም ብዙ ነበሩ። የእነዚያን ቃጭል ዘሚካ ጥጥ ጠቀጠቀችበት፤ ከዚህ በላይ ልታደርግላቸው የምትችለው አልነበረም።

አርከል አልዳነም። ድምፆቹ አሁንም ይመጣሉ። የመጀመሪያውን ጉርሻ በቀኝ እጇ ስታቀርብለት ግን እጇን ትኩር ብሎ አይቶ አፉን ከፈተ። እሷም አለቀሰች።

ጠልባ ሲገቡ የፍየል መንጋ መንገድ አቋረጠ። ቃጭሎቹ ሲያንቃጭሉ አርከል ጆሮውን ይዞ አፈር ላይ ተደፋ። መንደሩ ሁሉ ቆሞ አየው። መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት እማማ ወርጤ ነበሩ። ፍየላቸውን ያዙና ቃጭሉን መፍታት ጀመሩ።

«ለልጄ ሳልደርስለት ቀረሁ» አሉ።

ከዚያ ሌላውም የየራሱን ፈታ። እስከ ዛሬ በጠልባ ፍየል ቃጭል አታስርም። ሲመሽ ፍየል ይጠፋል፤ ሰዉም በየቁጥቋጦው በእግሩ እየዞረ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይፈልጋል።