ያልተመዘነው ጉርሻ

«ታጠቅ» በተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ውስጥ ቁርስ የሚበላው የበግ ሆድ እየተደመጠ ነው። በስድስቱም በጎች ትልቅ ጨጓራ ውስጥ ባቄላ የምታክል መሣሪያ አለች፤ ሆድ አድማጭ ይሏታል። የጨጓራውን ሙቀት፣ የቅባቱን መጠንና ድምፁን ትልካለች። መንገደኞቹ ለምደውት ሬዲዮ እንደሚሰማ ሰው በጉርጉርታው መሀል ይበላሉ።

የሻምበል ሆድ ግን ዝም ካለ ሦስት ቀኑ ነው።

ሻምበል የስምንት ወር ጠቦት ነው። ማዕረጉን ያገኘው ከአዛዡ ከሻለቃ መኩሪያ ቀጥሎ የሚፈራ እሱ ስለሆነ ነው። የቀሩት አምስቱ ሴቶች ናቸው። እሱ ከሞተ ማርስ ላይ ለሚጠብቋቸው ሰፋሪዎች መንጋ የሚባል ነገር አይኖርም። የበጎቹ ሐኪም ዶክተር ይፍቱሥራ ይህን እያሰበች የሆዱን ውጤት ደጋግማ ትከፍታለች። ጠቦቱ ሦስት ቀን ሙሉ አላመሰኳም፤ የዋጠውን ጭድ ወደ አፉ መልሶ አላኘከም።

ውጤቱን ስታነብ ዓይኗን አላመነችም። ያዘዘችው ከመቶ አራት እጅ ቅባት ነው። በሻምበል ሆድ ውስጥ ያለው ዘጠኝ!

«ቀላቢ!» ብላ ጮኸች።

ቀላቢ ከጣሪያ ሐዲድ ላይ የተንጠለጠለ የብረት እጅ ነው፤ የእያንዳንዱን በግ መኖ ይመዝናል፣ ይቀላቅላል፣ ያቀርባል።

«ቀለቡ አራት እጅ ቅባት አለው ዶክተር» አለ በተረጋጋ ድምፅ። «አንዲት ቅንጣት አልሳትኩም።»

እውነቱን ነበር። ሚዛኑን ሦስት ጊዜ ፈተሸችው፤ አልተዛባም። እንግዲህ ቅባቱ ከሌላ ቦታ መጥቷል ማለት ነው። ይፍቱሥራ ሁሉንም በረቱ ውስጥ ሰበሰበች።

«ጭድ የሚፈጨው በጉ አይደለም» አለቻቸው። «ሆዱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው የሚያብላሉለት። ቅባት ሲበዛ ጭዱን ይለብሰዋል፤ እነሱንም ይገድላቸዋል። ሻምበል ሆዱ ሞልቶ በረሃብ እየሞተ ነው። ማነው የሚያበላው?»

ወጥ ቤቷ እትዬ አልጋነሽ መቀነቷን ማፍተልተል ጀመረች።

«እኔስ ጨጨብሳ ነው፤ ትንሽዬ። ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ እንዴት ብዬ ልለፈው?»

«ስንት ጊዜ?»

«በቀን ሁለት ጉርሻ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ!»

መሐንዲሱ ገዙም ሁለት ጉርሻ ፍትፍት፣ ሁለቱ አብራሪዎችም የተቆላ ሱፍ ሁለት ሁለት ጊዜ ማጉረሳቸውን አመኑ። ሻለቃ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለውዝ» አሉ። «ሁለት ጊዜ። ማዕረግ ላለው ሰው… ላለው በግ ማለቴ ነው።»

እያንዳንዱ ብቻውን የሚያጎርስ መስሎት ነበር። ይፍቱሥራ ደመረች። አሁንም ይጎድላል። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ፤ ፊቷ ቀላ።

«እኔማ… ለናሙና ነው» አለች። «እሺ፣ ሁለት።»

ሳቁ በረቱን አናጋው። ሲበርድ ግን ድጋሚ ደመረች፤ ሁለት ጉርሻ ገና አልተገኘም። በመንኮራኩሯ ያለው ስድስት ሰው ነው፣ ስድስቱም ተናዝዘዋል።

«እኔ ነኝ» አለ ቀላቢ ከላይ።

«አንተ? አልሳትኩም አላልክም?»

«ቀለቡን መዝኛለሁ። ጉርሻ ግን ስትመዝኑት አይቼ አላውቅም። ሁላችሁም የምታደርጉት ዘወር ብላችሁ ነው፤ እኔም ዘወር ብዬ አደረግሁት።»

ለመቆጣት ጊዜ አልነበረም። ይፍቱሥራ አንዷ ሴት በግ ስታመሰኳ ጠብቃ ከአፏ ላይ ያላመጠችውን ነጠቀች። በዚያ እፍኝ ውስጥ ለሻምበል የሚያስፈልጉት ጥቃቅን ፍጥረታት በሕይወት አሉ። ሻለቃው ጠቦቱን ያዙላት፤ እሷ መንጋጋውን ከፍታ አጎረሰችው። ሻምበል ዋጠ። ትንሽ አሰበችና ሁለተኛውን አስከተለች። ከዚያ በኋላ ውኃና ደረቅ ጭድ ብቻ እንዲሰጠው አዘዘች።

በማግስቱ ቁርስ ላይ የሻምበልን ሆድ የሚያሰማው ድምፅ ማጉያ ተንጫጫ፤ ከዚያ ረጅም፣ ወፍራም ጉርጉርታ ወጣ። እትዬ አልጋነሽ እልል አለች። ይፍቱሥራ አለቀሰች፤ ለመደበቅም አልሞከረች።

ከምድር ሲነሱ ያልተመዘነ ነገር ሁሉ እንዲወርድ ተደርጎ ነበር። የሻለቃው አባት ከዘራ እንኳ በክብደቱ ምክንያት ቀርቷል። አሁን ግን ሚዛኑ ያላያት አንዲት ነገር አብራቸው እንደተሳፈረች ይፍቱሥራ ገባት፤ ማንም ሳያስተምረው ብረቱም ለምዷታል። የመኖ ዝርዝሩን ከፍታ ከጭዱና ከቅባቱ በታች አንድ መስመር ጨመረች፦ «ጉርሻ፤ ከጭድ ብቻ።»

ቀላቢ አነበበው። እጁ በሐዲዱ ላይ ወርዶ አንድ ቁንጥር ጭድ ለሻምበል አቀረበለት። ሻምበል ተቀበለው። እጁ ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ ሁለተኛውን ሊያነሳ ጎንበስ አለ።