ወደ ሰፌዱ የተመለሱት ድንጋዮች

ጂን አየሁ የሚል ሰው ቤቴ ሲመጣ መጀመሪያ «ምሳ በልተሃል ወይ?» ብዬ ነበር የምጠይቀው፣ ከረሃብና ከእንቅልፍ ማጣት ሌላ ሰውን የሚያስለፈልፍ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ጂን መኖሩንማ አልክድም፣ ቁርኣን የተናገረውን እኔ ማን ነኝና እክዳለሁ፣ ግን እኛ ሰፈር ሄርማታ ድረስ መጥቶ፣ ያን ጭቃችንን ረግጦ፣ የኔን የቆርቆሮ በር ገፍቶ የሚገባበት ምን ጉዳይ አለው እል ነበር። አሁን ይህን ስጽፍላችሁ በሩን ዘግቼ፣ መዘጋቱን ደግሜ ገፋ አድርጌ አይቼ ነው የተቀመጥኩት። ትምህርቴን ገና በልጅነቴ ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፣ ፊደሌ ቢንጋደድ እለፉኝ፣ ነገሩ ግን አልተንጋደደም፣ ወላሂ እንዳየሁት ነው።

ልጄ ሀያት ትባላለች፣ አባቷ ካረፈ ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረኛል፣ «ድንጋይ ትለጥፋለች» ስል የግንብ ሥራ ይመስላቸዋል። ድንጋዩ ግን የከበረ ድንጋይ ነው፣ ከወሎ የሚመጣ ኦፓል አለ፣ እንደ በሰለ ቡና የቀላ አለ፣ እንደ ማር የሚያበራ አለ፣ እሱን በፒንሳ እየሰበረች፣ በወረንጦ እያነሳች፣ አንዱን ካንዱ እያጠጋጋች ስዕል ታወጣበታለች፣ ሞዛይክ ነው የሚሉት። አዲስ ቤት የሠራ ባለሀብት ለሳሎኔ እንዲህ ያለ ሥሪልኝ ብሎ ያዛታል፣ እሷ ደግሞ ጓዳችንን የሥራ ክፍል አድርጋ ትቀመጣለች። አሠራሩ ግርም ይላል፣ ድንጋዩን ፊቱን ወደ ታች አድርጋ ወረቀት ላይ ነው የምትለጥፈው፣ ሲያልቅ ከላይ ሲሚንቶ ታፈስበትና ትገለብጠዋለች፣ ከዚያ ወረቀቱን በውሃ አርሳ ስትልጠው ነው ፊቱ የሚታየው። እስከዚያ ድረስ ሠሪዋም ራሷ የምታየው ጀርባውን ብቻ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ትልቅ ትእዛዝ ያመጡላት ሐጂ ነጂብ ናቸው፣ የአጋሮ ቡና ነጋዴ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ትልቅ ቤት የሠሩ። አንዲት የደበዘዘች ፎቶ ይዘው ራሳቸው መጡ፣ ጎማ ገጠር ያለው የእናታቸው ቤት በር ነው። እናታቸው ሲሞቱ ቤቱን ራሳቸው አፍርሰው በቦታው የቡና መጋዘን ሠርተውበታል፣ አሁን ጸጸት ገብቷቸው ነው መሰለኝ ድምፃቸው ይሰበራል።

«በሩን ብቻ ሥሪልኝ፣ ልጄ» አሏት፣ «የሰው ምስል እንዳይገባበት፣ እኔ የሰው ምስል ቤቴ አልሰቅልም። የበሩ ውስጥ ጨለማ ይሁን። ከሜዳ ስመለስ እናቴ ከዚያ ጨለማ ውስጥ ሆና ነበር ‹ማነው?› የምትለኝ።»

ሀያት ደስታዋን ደብቃ «ኢንሻአላህ፣ ሐጂ» አለቻቸው። እሳቸው እንደወጡ ግን ወደኔ ዞራ፣ «እማ፣ ይሄን ካልተቀበሉኝ ልፋቴ በቃ፣ እሄዳለሁ» አለችኝ። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ፓስፖርቷ ሳጥኔ ውስጥ ነው፣ ከኒካህ ልብሴ ጋር አንድ ላይ። የጎረቤቴ የአስካለ ልጅ ዓረብ አገር ሄዳ ስልክ ስትደውል ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚሰማኝ፣ ታዲያ ስሰግድ ዱዓዬ አንድ ነበር፣ ያረቢ ልጄን ከጎኔ አታርቃት።

መከራ ደግሞ አብሮ ነው የሚመጣው፣ ሥራውን በጀመረች በሳምንቱ ከበቾ ቦሬ ሰፈር ስትመለስ ባጃጅ ተገልብጦባት ቀኝ እጇ ወለም አለ፣ ወረንጦ ስትይዝ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ። ስለዚህ እኔ ላግዛት ገባሁ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ቡና ስለቅም የኖርኩ ነኝ፣ ሰፌድ ጭኔ ላይ ካረፈ እጄ ሳላዘው ይሠራል፣ ጥሩውን ወደዚህ፣ ጥቁሩን፣ የተሰነጠቀውን፣ ነቀዝ የነካውን ወደዚያ። ሀያት «ድንጋዩን በቀለሙ ለይልኝ» ብላኝ ወጣች፣ እኔም ቁጭ ብዬ፣ የጎረቤት ወሬ እያዳመጥኩ፣ ለየሁላት። ጥቁሩንና የተሰነጠቀውንም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እንደ ቡና ግርድ በጓሮ በር ዶሮዎቹ ወደሚጭሩበት ጭቃ ደፋሁት!

ስትመለስ ሰፌዱን አይታ፣ «እማዬ፣ ጥቁሮቹስ?» አለች።

«የተበላሸውንማ አወጣሁልሽ» አልኳት፣ ደግሞ እኮ ኮርቼ።

ፊቷ አመድ መሰለ። የበሩ ጨለማ እሱ ነበር፣ ባልጩቱም፣ ቡናማ ጥቁሩ ኦፓልም፣ ከሩቅ ሰው ለምና ያስመጣችው። ዝናብ እየወረደብን ሁለታችንም ጭቃ ውስጥ ተንበርክከን ፈለግን፣ ያገኘነው እፍኝ አይሞላም። አልተቆጣችኝም፣ እሱ ነው የባሰ ያመመኝ፣ ጉንጬን ሳመችና «በቃ፣ እማ፣ አልተጻፈልኝም» አለች።

በማግስቱ ወጌሻ ዘንድ ይዣት ሄድኩ፣ ቤቱን ቆልፈን ነው የሄድነው፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር። የአስር ሶላት ሰግደን ስንመለስ ሀያት ቀድማኝ ጓዳ ገባችና ጮኸች፣ የደስታ ጩኸት ነው።

«እማዬ! እንዴት አገኘሻቸው?»

ገብቼ ሳይ ሰፌዱ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ጥቁሮቹ ድንጋዮች በሙሉ ታጥበው፣ ከደማቁ ወደ ጥቁሩ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ውሃው ገና አልደረቀባቸውም። «አንቺ አይደለሽም እንዴ?» ልላት አፌን ከፈትኩና ደስታዋን አይቼ ዘጋሁት። እመኑኝ፣ ያን ያህል ለይቶ መደርደር የለቃሚ እጅ ነው፣ የኔ እጅ ግን አይደለም፣ እኔ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የምደረድረው፣ ያ ከቀኝ ወደ ግራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ድምፁ ጀመረ። እኔ ሳሎን ሆኜ፣ ሀያት ሱቅ ሄዳ፣ ከጓዳ ቀጭ... ቀጭ... ከዚያ ሸርተት፣ ከዚያ ቀጭ። ፍሬ በጣት ተገፍቶ ሰፌድ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማውን ድምፅ እኔ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ስገባ ማንም የለም፣ ዱካዬ እንደተሰማ ዝም ይላል፣ ዱካዬ ሲርቅ ይቀጥላል። አንድ ጊዜማ ከበሩ ኋላ አሮጊት ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማሁ፣ «እህም» አለች፣ ሥራ እንዳስፈቷት ሴት።

ለአስካለ ነገርኳት። ሳቋ ግቢውን ሞላው።

«አይጥ ነው፣ ዘይነብ!»

«አይጥ ድንጋይ ያጥባል?»

«እንግዲያው ጸበል ላምጣልሽ።»

«ለኔ ጸበል?»

«ለሷ ነው እንጂ ላንቺ ማን ሰጠሽ!» አለችና አሁንም ሳቀች፣ ግን ልብ አልኳት፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓዳችን በኩል ባለው አጥር ልብስ አታሰጣም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የመግሪብ አዛን ሊል ትንሽ ሲቀረው ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራት ጠፋ። ስልኬን አብርቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሀያት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ተኝታለች፣ በጨርቅ የታሰረው ቀኝ እጇ ጉንጯ ሥር ነው፣ አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ ሕፃን ሳለች እንደምትተኛው። ግራ እጇ ግን እየሠራ ነው። ድንጋይ ያነሳል፣ በጣቶቹ መሀል ያገላብጠዋል፣ ካልወደደው ይመልሰዋል፣ ከወደደው ሙጫ አስነክቶ ወረቀቱ ላይ ያስቀምጥና በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ይጫነዋል። ልጄ እኮ ግራ እጇን ለምንም ነገር ስትጠቀም አይቻት አላውቅም! ከጎኗ ያለችው በርጩማ ላይ ማንም የለም፣ ግን የበርጩማዋ ቆዳ ሰው እንደተቀመጠበት ወደ ውስጥ ረግቧል።

ከቁርኣን አያተል ኩርሲን መቅራት ጀመርኩ፣ መሀሉ ላይ ጠፋብኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው። «ሀያት» አልኩ፣ ድምፄ አልወጣም። እጁ ግን ቆመ፣ ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ሕፃን ቆመ። ከዚያ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ፣ የያዘውን ድንጋይ አስቀምጦ የልጄን ፀጉር ከግንባሯ ላይ ገለል አደረገላት። እኔ እንደማደርገው። ከጆሮዬ አጠገብ የሚመስል፣ ቀጭን፣ ያረጀ ድምፅ «ኢንታላ ኮ» አለ፣ ልጄ ማለት ነው በኦሮምኛ። እኔ አይደለሁም ያልኩት።

ሀያትን አቅፌ ቀሰቀስኳት። «ምን ሆነሻል እማ፣ ልብሽ ይመታል» አለች እየሳቀች። ይሄን ሥራ ተዪው አልኳት፣ አለቀስኩባት፣ ምክንያቱን ግን መናገር አቃተኝ።

«ልተወው? ከተውኩትማ ሳጥኑን ክፈችልኝ» አለችኝ።

ምን ልበል? እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ሳጥኑን አልከፈትኩላትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ጓዳ ስገባ «ቢስሚላህ» ብዬ እገባለሁ፣ ስወጣም በርጩማዋ ላይ የታጠፈ ፎጣ አስቀምጣለሁ። የአሮጊት ወገብ እንደሚያም ስለማውቅ ነው።

ወረቀቱ የሚላጥበት ቀን ደረሰ። ሲሚንቶው ደርቆ ገለበጥነው፣ ሀያት በስፖንጅ ወረቀቱን አረሰችው፣ ከጥጉ ይዛ ላጠችው። ኧረ ውበቱ! የግድግዳው ቢጫ፣ ደጁ ላይ ያለው ቡና ቀይ ፍሬ፣ የእንጨቱ በር መሰንጠቁ እንኳ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ወጣ። የመጨረሻው የበሩ ጨለማ ነበር። ያንን ስትልጥ ሀያት እጇ ቆመ።

ጨለማው ውስጥ ሰው ነበረ። ቶሎ አይታይም፣ ዘንበል ብለህ ብርሃኑ ሲያገኘው ነው፣ ከጥቁር ኦፓሎቹ መሀል የሻሽ ጫፍ፣ የታጠፈ ጉልበት፣ ጉልበቱ ላይ ሰፌድ፣ ሰፌዱ ላይ የተዘረጋች እጅ። ፊት የለውም።

«እማ» አለች ሀያት፣ «እኔ ይሄን አልሠራሁትም። ሰው እንዳይገባበት ብለውኛል። አለቀልኝ።»

ልታፈርሰው መቁረጫ አነሳች፣ በዚያው ቅጽበት ውጭ መኪና ቆመ፣ ሐጂ ነበሩ። ገቡ፣ ሰላምታ ሰጡ፣ ከሥራው ፊት ቆሙ። መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ከዚያ ዘንበል አሉ። እኔ የልጄን ልብስ ጨምድጄ ይዣለሁ፣ አሁን ይቆጣሉ፣ አሁን ጥለውት ይሄዳሉ፣ ልጄም ትሄዳለች እያልኩ። ሐጂ እዚያችው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ።

«በግራ እጇ እንደምትለቅም ማን ነገራችሁ?» አሉ።

ሀያት ሲገለበጥ ቀኙ ግራ እንደሚሆን ልታስረዳቸው ሞከረች፣ አልሰሟትም።

«ሰው ሁሉ ይቆጣት ነበር፣ ቀኝ እያለልሽ ምን ነካሽ እያለ» አሉና በሻርፓቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ደግሞ እያለቀሱ ሳቁ። «አየሻት፣ ፊቷን አላሳየችኝም። ልጇ ሐጂ መሆኑን ታውቃለቻ!»

ወሰዱት። ሳሎን ሳይሆን መኝታ ቤታቸው እንደሰቀሉት ሰማሁ፣ ሲሰግዱ ጨርቅ ይጥሉበታል አሉ። ሌላ ሰውም ላኩላት፣ እሱም ሌላ ሰው፣ ሀያት አሁን ሥራ በሥራ ናት፣ የመሄድ ወሬም ከቤታችን ጠፍቷል። ዱዓዬ ደረሰ፣ አልሐምዱሊላህ። ሥራው ሲወጣ እንግዳችንም አብራው የምትወጣ መስሎኝ ነበር፣ በመኪናው ኋላ ቆሜ በልቤ «ገለቶሚ፣ ኣዴ፣ አመሰግናለሁ እናቴ፣ በሰላም ግቢ» ብዬ ሸኝቻታለሁ።

የሀያት ቀኝ እጅ ድኗል፣ ወጌሻው ራሱ አይቶ መስክሯል። እሷ ግን አሁንም የምትሠራው በግራዋ ነው። ስጠይቃት «ለመደብኝ፣ እማ» ትላለች። ምግብ ላይ ግራዋ ቀድሞ ሊዘረጋ ሲል መታ አደርጋታለሁ፣ ትስቃለች፣ ሳቋ የልጄ ሳቅ ነው፣ አዎ የልጄ ነው።

ትናንት ዝናቡ ሲበረታ ሥራዋን አስቁሜ አጠገቤ አስቀመጥኳትና ሁለቱንም እጆቿን ይዤ ጭኔ ላይ አደረግኳቸው፣ ላሙቃቸው ብዬ ነው፣ እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፣ የልጄ እጆች መሆናቸውን ላረጋግጥ ብዬ ነው። ጥቂት እንደቆየን ከጓዳ መጣ። ቀጭ... ቀጭ... ሸርተት።

ሀያት ዞር እንኳ አላለችም። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለችና፣ «ተያት፣ እማ፣ ትንሽ ነው የቀራት» አለችኝ።

ምን እንደቀራት አልጠየቅኩም። እጆቿን ግን አጥብቄ ያዝኳቸው፣ መብራቱ ሲጠፋም አልለቀቅኳቸውም።