ሁለት ጊዜ የፈላው ሥጋ

የምነግራችሁ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ብጨምር ዐይኔ ይጥፋ! በጣሊያን ጊዜ ነው። ካዛንቺስ፣ ገና ኖራው ባልደረቀ ቤት ውስጥ፣ የቄራው የቆርቆሮ ሥጋ ፋብሪካ አለቃ ሞቶ ተገኘ። ካፖ ነበር የሚሉት። ሬሳውን ያነሱት ዐሥራ ስድስት ወታደሮች ናቸው፤ ስምንቱ ወገባቸው ዛሬም አልዳነ።

ምሳውን፣ ያንኑ የቆርቆሮ ሥጋ፣ ያቀረበችው ወጥ ሠሪዋ ሸዋዬ ነበረች። የወታደሮቹ አዛዥ ካፒቴኖው ደጁ ላይ ገመድ አሰቅሎ፣ «ፀሐይ ሳትጠልቅ ትሰቀላለች» አለ። የቆመላት አስተርጓሚው ነጋሲ ብቻ ነው። ነጋሲ ግንብ አሻግሮ የሚያይ ሰው! አሥመራ ሐኪም ቤት ሲያስተረጉም ኖሮ ከሐኪሞቹ በላይ ሐኪም ሆኖ የመጣ።

«ከመሞቱ በፊት ምን ሆነ?» አላት።

«አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ታየኝ አለ። የዐይኑ ቆብ ወደቀ፤ መዋጥ አቃተው፤ ከዚያ ትንፋሹ…»

«ከዚያው ቆርቆሮ ሌላ ማን በላ?»

«ዶቶሬ ቼሳሬ፣ የሥጋው መርማሪ። እሱማ ይኸው ደኅና ነው።»

ካፒቴኖው ጠረጴዛውን መታ። «አንዱ ሞቶ አንዱ ከዳነ መርዙ የተጨመረው ሳህኑ ላይ ነው! እናንተስ ለምን አልቀመሳችሁም?»

«ሁዳዴ ነው፣ ጌታዬ» አለች ሸዋዬ።

«እኔ ደግሞ ክርስቲያን ያረደውን አልበላም» አለ እዚያው የቆመው የፋብሪካው እሳት አንዳጅ ጅብሪል። «ለዚህ ሥጋ ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴዬ ነው።»

ነጋሲ ወደ እሱ ዞረ። «ቆርቆሮውን በምንድን ነው የምትቀቅሉት?»

«በበርሜል። ክዳኑ ገጥሞ በእንፋሎት የሚቀቅለው ማሽን ከተሰበረ ቆየ። ዶቶሬው፣ ፈልቶ የማይሞት ነገር የለም ብሎ ንጹሕ ነው እያለ ይፈርማል። ካፖው ነቅቶበት፣ ለሹሞቹ እነግርብሃለሁ ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ሸዋዬ፣ የዶቶሬውን ሥጋ እንዴት አቀረብሽ?»

«ካፖው ቀዝቃዛውን ነው የሚወድ። ዶቶሬው ግን የዚያን ቀን፣ የእኔን ደኅና አድርገሽ አፍይው አለኝ። ከዚያ በፊት ብሎኝ አያውቅም።»

ነጋሲ ሁሉንም ማዕድ ቤት ሰበሰበ። ገመዱ በመስኮት ይታያል።

«ሥጋ የሚያበላሹ ተሐዋስያን አሉ» አለ። «ሲጨንቃቸው ቅርፊት ለብሰው እንደ ዘር ይተኛሉ። የፈላ ውሃ አይገድላቸውም፤ ይልቁንም የእኛ ደጋ ውሃ ቶሎ ይፈላል እንጂ ግለቱ ደካማ ነው። የሚገድላቸው የታፈነ እንፋሎት ነው። ዶቶሬው ሥጋውን የሚመረምረው ከበርሜል እንደወጣ ነው፤ ዘሩ ተኝቷል፣ ምን ያያል? በኋላ አየር በሌለበት ቆርቆሮ ውስጥ ይነቃና ቆርቆሮውን እየነፋ መርዝ ይተፋል። መርዙ ግን እንደ ዘሩ አይደለም፤ ደኅና ከፈላ ይጠፋል። ቀዝቃዛውን የበላ ሞተ፤ የፈላውን የበላ ዳነ። ዶቶሬ፣ ቆርቆሮው መነፋቱን አይተሃል። የራስህን አስፈልተህ የካፖውን ዝም አልክ!»

ዶቶሬው ተዝለፍልፎ ወደቀ። ካፒቴኖው ሸዋዬን በገዛ እጁ ፈታ፤ ቄራ ያለ በሬ ሁሉ በደስታ አገሳ!

ይህንኑ በቀደም ቂርቆስ ጠላ ቤት ስተርክ፣ ጥግ የተቀመጡት እትዬ ሸዋዬ፣ አዎ ራሳቸው፣ ቀና አሉ።

«አሳምረህ አወራኸው፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ግን የሁለቱንም ሥጋ አንድ ድስት ላይ ነው ያፈላሁት።»

ጣሳዬን አስቀመጥኩ።

«እንዴ፣ እትዬ! ታዲያ ካፖውን ምን ገደለው?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ነጋሲም ያን ማታ አንዱን ድስት አይቶ ይህንኑ ጠየቀኝ። ነፍሱን ይማረውና፣ መልሱን ሳይጠብቅ ወጣ።»