የሃኒያ ጫማ

የፖሊስ ሻምበል ወልደየሱስ ተጠርቶ የአሰብ ወደብ ሠራተኞች ክበብ ግቢ ሲደርስ ሃኒያ መድረኩ ላይ በአንሶላ ተሸፍና ተጋድማ ነበር። የወደቡ ቢሮ ታይፒስት ነበረች፤ በዕድሜዋ ትርዒት ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ነጫጭ ጫማዎቿ ከመድረኩ ጫፍ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አሁን መጥታ የምታደርጋቸው ይመስላሉ።

«ማይክራፎኑን እንደያዘች ኮረንቲ ገደላት» አለ ሐኪሙ።

«ከሞቱ አሟሟቱ» አለ ሻምበሉ ላቡን እየጠረገ። የደብረ ብርሃን ሰው ነው፤ አሰብ ከተመደበ ጀምሮ ሙቀቱን ያልረገመበት ቀን የለም።

የሟች ወንድም ዓብዱልናስር የስለሺን አንገት አንቆ ይዞ ነበር። ስለሺ የነዳጅ ማጣሪያው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሃኒያን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ዓብዱልናስር መልሶበታል።

«ወላሂ እሱ ነው! ለእኔ ካልሆነች ብሎ ነው! የኮረንቲ ሥራ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ልቀቀው። ጥፋተኛ ከሆነ የሚያንቀው ገመድ አያጣም» አለ ሻምበሉ።

ስለሺ ያለቅስ ነበር። «መብራቱን ብቻ ነው የዘረጋሁት፤ የድምፅ ማጉያው የዘፋኞቹ ነው» አለ በመጨረሻ። «ልፈትሸው ስል ጫኔ አላስነካም አለኝ። እኔ እሷን? ሽማግሌ በድጋሚ ልልክ ነበርኮ!»

ጫኔ ከአዲስ አበባ የመጣው ዘፋኝ ነው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ በእጅጌው ይጠርጋል። በግራ እጁ መሐረብ ጨብጧል።

«እኔ ‹ተቀበል!› ስል ሕዝቡ ያብዳል» አለ። «ዘፈኑ ሲግል አንዱን ጠርቼ ማይክራፎኑን እሰጠዋለሁ። ልጅቷ ከፊት ሆና ድምጿ እስኪዘጋ ስትቀበል ነበር። ጠራኋት።»

«መሐረቡ ለምንድን ነው?»

«ለላብ ነዋ!»

ሻምበሉ አየት አድርጎት አለፈ። «ከእሷ በፊት የወጣ ሰው አለ?»

«እኔ ወጥቼ ነበር» አለ ቸሩ፣ የወደቡ የክሬን ሾፌር። «እጄን ነዝሮኝ ዘለልኩ። ሕዝቡ ጭፈራ መስሎት አጨበጨበ። አፈርኩና መጨፈሬን ቀጠልኩ።»

«ያደረግከው ጫማ ይሄ ነው?»

«አዎ፣ የሥራ ቦት ጫማዬ። ጎማ ነው።»

ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን ዳሰሰው፤ ረጥቧል። የመድረኩ ሲሚንቶ ቀኑን ሙሉ እሳት ሲተፋ ስለዋለ ውሃ አርከፍክፈውበት እንዳነጠፉት ዘበኛው ነገረው።

«ምንጣፉ የማን ነው?»

«የአባቴ፣ አላህ ይርሐመው» አለ ዓብዱልናስር። «ለእንግዶቹ ክብር ብዬ ነው ያዋስኩት።»

ሻምበሉ ስለሺን ማጉያውን እንዲከፍት አዘዘው፤ ውስጡን አብረው አዩት። ከዚያ ሁሉንም ወደ መድረኩ ጠራ።

«እዚህ ውስጥ የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮውን ነክቷል። ከዚያ ኮረንቲው ወደ ማይክራፎኑ ይሄዳል። የተላጠው ግን ዛሬ አይደለም፤ የተጠቀለለበት ፕላስተር አርጅቶ ተፈርፍሯል። ስለዚህ ስለሺ እጁ የለበትም። ብልሽቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።» ወደ ጫኔ ዞረ። «አሰብ ላይ ላብ አይዋሽም። ከመጣሁ ጀምሮ መሐረብ ጨብጠህ ላብህን በእጅጌህ ትጠርጋለህ። መሐረቡ ማይክራፎኑን መያዣ ነው። እንደሚነዝር ታውቅ ነበር፤ ለልጅቷ ስትሰጣት ግን ያለ መሐረብ ሰጠሃት።»

ጫኔ መሐረቡን ኪሱ ውስጥ ሊከት ሞከረ። «ይነዝራል እንጂ ይገድላል ብዬ አላሰብኩም! ትርዒቱ እንዳይቀር ብዬ ነው። በየከተማው ስንቱ ይዞታል፣ ማንም አልሞተም!»

«ጫማ ያደረገውን ይነዝረዋል። በባዶ እግሩ እርጥብ ላይ የቆመውን ግን…»

ሻምበሉ ነጫጭ ጫማዎቹን አየ። ምንጣፉንም፣ ወንድሙንም አየ። ጉዳዩ ከዚህ ወዲያ ባይነገር ወደደ።

«ጨርሰናል። ጫኔን ውሰዱት» አለ።

«አልጨረስንም» አለ ዓብዱልናስር። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ቤታችን በዚህ ምንጣፍ ላይ በጫማ ቆመን አናውቅም። ዛሬ በደስታዋ ረስታው እየሳቀች ወጣች። እኔ ነኝ ከታች የጮህኩባት። ‹ሃኒያ፣ ጫማሽን!› አልኳት። ዞር ብላ አየችኝ፤ አፈረች፤ አወለቀችው። ሻምበል፣ ባታወልቀው ኖሮ…?»

ስለሺ የዓብዱልናስር ጣቶች ምልክት አንገቱ ላይ እንዳለ መጥቶ ትከሻውን ያዘው፤ ሁለቱም አለቀሱ።

ኋላ ዓብዱልናስር ጫማዎቹን ከመድረኩ ጫፍ አነሳ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቱን ምንጣፍ በጫማው ረግጦ እህቱ ዘንድ ሄደ፤ ተንበርክኮም አንሶላውን ከእግሯ ላይ ገለጥ አደረገና ጫማዎቿን አደረገላት።