ለአንድ ስም ብቻ

ጠጋኙ የሞተው በሥራ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ፊቱን ለግድግዳው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ነው። ሄድፎኑ ጆሮው ላይ ነበር። ከፊቱ ሆዱ የተከፈተ የጌም ማሽን ተጋድሟል፤ መበየጃው ከሶኬት ሳይነቀል እንደጋለ ነው። ከወንበሩ ኋላ ከባድ የብረት ስታቢላይዘር ወለሉ ላይ ወድቋል፤ አንዱ ጥጉ ደም ነክቶታል። የመታው ሰው ከኋላ መጥቷል፤ ሟቹም ዘፈን እየሰማ ስለነበር መምጣቱን አላወቀም።

መርማሪዋ ስትደርስ የጣቢያው ምክትል አዛዥ ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት። ምክትሉ ሁልጊዜ ቀድሞ ይጨርሳል። በዚሁ ፍጥነቱ ባለፈው ወር ለእሷ ይሆናል ሲባል የከረመውን ሹመት ከነመስኮታሙ ቢሮው ወስዶባታል። እንኳን ደስ አለህ ብላ ጨብጣዋለች፤ ያን ዕለት ግን አንገቷን ደፍታ ዋለች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ታጣራለች ለማለት ይሁን ሹመቱ አፈሰሰባት ለማለት፣ ጠይቃ አታውቅም።

«ታናሽ ወንድሙ ነው» አላት ምክትሉ። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጥቶ ተጣልተዋል። ጎረቤት ‹እኔስ ማነኝ ታዲያ?› ብሎ ሲጮህበት ሰምቷል። ስድስት ሰዓት ላይ ሬሳውን አገኘሁ ብሎ የደወለልንም ራሱ ነው። የሞተው አምስት ሰዓት ግድም ነው ይላል ሐኪሙ። ነገ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።»

«ለምን ይገድለዋል?»

«ለጌሙ ነዋ።»

ጌሙ ምን እንደሆነ ካልተነገረ ነገሩ አይገባም። ከስምንት ዓመት በፊት የወጣ፣ ሁለት ሰው አብሮ የሚጫወተው ጨዋታ ነው። ካርቶን የለው፣ ሲዲ የለው፤ ገዢው በኢንተርኔት ስሙን ያስመዘግባል፤ ጨዋታውም በዚያ ስም በተከፈተው አካውንት ብቻ ይሠራል። አካውንቱ ደግሞ በአንድ ጊዜ በአንድ ማሽን ብቻ ይከፈታል፤ በሌላ ማሽን ልክፈተው ያለ ሰው አይሆንም ይባላል። ኩባንያው መሸጡን ካቆመ ሰነባብቷል። ያለው አለው፣ የሌለው ቀረበት።

ጠጋኙ ይህ ነገር አልዋጥልህ አለው። በገንዘቤ የገዛሁትን ወንበር ስፈልግ እሸጠዋለሁ፣ ስፈልግ ለወዳጄ እሰጠዋለሁ፤ ጌሙን ከወንበሩ ምን ለየው ብሎ ኩባንያውን ከሰሰ። አራት ዓመት ተመላለሰ። ከሦስት ሳምንት በፊት ተፈረደለት፦ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ፣ በገዛ እጁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ ስም ብቻ ጨዋታውን መሸጥ ወይም መስጠት ይችላል። እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም የማይሰጥ ነገር ስለነበር ማንም አልቀናበትም። መስጠት ሲፈቀድ መቅናትም አብሮ ተፈቀደ።

መርማሪዋ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። ግድግዳው ላይ በማርከር የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «በሥራ ሰዓት ጌም አይከፈትም። ለኔም ጭምር።» ሁለት ጆይስቲኮች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ አቧራ አልነካቸውም። ስክሪኑ ጠፍቷል። ከስክሪኑ ኋላ ግን የሟቹ የራሱ ማሽን አረንጓዴ መብራት ይበራል። ስክሪኑን አበራችው። ጨዋታው ከአራት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ጀምሮ ሳይዘጋ እንደተከፈተ ነው። ከሥሩ «በመጠባበቅ ላይ» ይላል።

«ምን እየጠበቀ ነው?» አለች።

ምክትሉ ትከሻውን ነቀነቀ። ጌም መጠበቁ ለክስ አይጠቅምም። እሷ ግን ሰዓቱን ጻፈችና ለኩባንያው የጥያቄ ደብዳቤ አስላከች። የሟቹንም ስልክ ፈርማ ወሰደች።

መጀመሪያ የሄደችው ጌሙን ይመኘው ነበር ወደተባለው፣ ያገለገሉ ጌሞች ወደሚሸጠው ባለሱቅ ነው። ሱቁ እስከ ጣሪያው በአሮጌ ካርቶን ተሞልቷል። ሰውየው እንባ ባቀረረ ዓይን ተቀበላት፤ ቆይቶ ሲገባት ግን የሚያዝነው ለጌሙ ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ከሱቁ እንዳልወጣ ሦስት ደንበኞች መሰከሩለት።

«ሽጥልኝ ብዬ ለምኜዋለሁ፣ አልክድም» አለ። «ከትናንት ወዲያ ማታ ነው። ‹አልሸጥም፣ ለወንድሜ ነው የምሰጠው› ብሎ አሰናበተኝ። ወንድሙ ጸጉር አስተካካይ ነው እኮ እትዬ። ጆይስቲክ እንዴት እንደሚያዝ እንኳ አያውቅም!»

«ይህን ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። ብቻ ለቀያሹ ትናንት ነግሬዋለሁ፣ ጓደኛው ነውና። ‹ለወንድሙ ሊሰጠው ነው› አልኩት። እሱ እንኳ እንዲመክረው ብዬ ነው።»

«ምን አለህ?»

«ሳይሰናበተኝ ሄደ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ባለሱቁ አፉ እንዳመለጠው አልታወቀውም፤ መርማሪዋም አልነገረችውም።

ጣቢያው ኮሪደር ላይ የሟቹ እናት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ቀና ብለው አይዋት። «አንዱን አፈር ሳላለብሰው ሌላውን ልትወስዱብኝ ነው?» አሏት። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ጨብጣ አለፈች።

ጸጉር አስተካካዩ የሥራ ካፖርቱን እንደለበሰ ነበር። ለምን ተጣላችሁ ስትለው አንድ ነገር ጠይቄው መልሱ አስቆጣኝ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ቢያስሩትም ቢፈቱትም አንድ ነገር አልወጣውም። የሚደብቀው ጥፋት ሳይሆን እፍረት መሆኑን መርማሪዋ ከአንገቱ አደፋፍ አወቀችው። እሷም ባለፈው ወር አንገቷን እንደዚያ ደፍታ ነበር።

«ወንድምህ ምን ብሎ ነበር የሚጠራህ?» አለችው።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ንገረኝ ግዴለም።»

«ትንሹ» አለ። «ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ፣ ትንሹ። ሌላ ጠርቶኝ አያውቅም።»

ቀያሹ የሰው መሬት እየለካ፣ የሰው ድንበር እየተከለ የሚኖር፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ከጠጋኙ ጋር ከልጅነታቸው አንድ ነፍስ ነበሩ። ጌሙን ሲገዙ ግማሽ ግማሽ አዋጥተዋል፤ መዝገቡ አንድ ስም ብቻ ስለሚቀበል በጠጋኙ ስም ሆነ እንጂ የይለፍ ቃሉን ሁለቱም ያውቁታል። ክሱ ላይ አራት ዓመት ሙሉ ከጎኑ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ ለመርማሪዋ የነገራት ዓይኑ በለቅሶ ቀልቶ ነው፤ ለቅሶውም የውሸት አልነበረም።

«ዛሬ ከአራት እስከ ስድስት የት ነበሩ?»

«ዕረፍት ላይ ነኝ። ቤቴ ጌሜን ስጫወት ነበር።»

«ሳይቋረጥ?»

«አንዴም ሳይቋረጥ። አከራዬን ይጠይቁ።»

አከራዩ ደግና ጆሮዋ የማይስት አሮጊት ናት። አዎ፣ ጠዋቱን ሙሉ የጌሙን ድምፅ በግድግዳው በኩል ሰምታለች። «እንደ ወትሮው ከጓደኛው ጋር ሲሳሳቁ ነበር» አለች። «የዚያ ልጅ ሳቁ ደስ ሲል። ሞተ የሚባለው እውነት ነው እንዴ?» መርማሪዋ አመስግናት ወጣች፤ ደረጃው ላይ ግን ቆማ ቀረች።

በማግስቱ ከኩባንያው መልስ መጣ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም በጠጋኙ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ባለሱቁ በሩ አጠገብ ቆመ፤ ቀያሹ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጸጉር አስተካካዩ በካቴና ከእናቱ ጎን ነበር። ምክትሉ ሰዓቱን እያየ «አራት ተኩል ላይ ቀጠሮ አለኝ» አለ።

«ይበቃኛል» አለች። «ከትናንት ጠዋቱ ጠብ ልጀምር። ‹እኔስ ማነኝ ታዲያ?› የሚለውን ዛቻ ነው ብለን ጽፈናል። ዛቻ አይደለም፣ ጥያቄ ነው። ጌሙን ለማን ነው የምትሰጠው ብለህ ጠየቅከው። ‹ለወንድሜ› አለህ። አንተም ‹እኔስ ማነኝ ታዲያ?› አልከው። አይደለም?»

ጸጉር አስተካካዩ እናቱን ላለማየት ፊቱን አዞረ። «ነው» አለ።

«ሰው ‹ለወንድሜ› ሲባል፣ ወንድምየው እሱ ከሆነ፣ እኔስ ማነኝ አይልም። ስለዚህ በሟቹ አፍ ወንድሜ የሚባለው ሌላ ሰው ነው። አንተን ትንሹ ነው የሚልህ። ስልኩን ከፍቼ አየሁት፤ ‹ትንሹ› በሚል የተመዘገበው ያንተ ቁጥር ነው። ‹ወንድሜ› የሚለው ቁጥር ደግሞ የቀያሹ ነው።»

ቀያሹ አልተንቀሳቀሰም። ባለሱቁ ዞሮ አፈጠጠበት።

«ባለሱቁ የሰማው ‹ለወንድሜ› የሚል ቃል ነው። ሲያደርሰው ‹ለወንድሙ› አደረገው። አንዲት ፊደል ብቻ ናት የተለወጠችው። ‹ወንድሜ›ን ያለ ሰው ማንን ለማለት እንደፈለገ ያውቃል፤ ‹ወንድሙ›ን የሰማ ሰው ግን የእናት ልጅ መሰለው።» ወደ ቀያሹ ዞረች። «አከራይዎ ትናንት ሁለት ሰው ሲስቅ ሰምታለች። አምስት ሰዓት ላይ ጓደኛዎ እዚህ ሞቶ ነበር። የሞተ ሰው ግድግዳ ማዶ አይስቅም። ስትጫወቱ እየቀዳችሁ ታስቀምጡ ነበር፤ ቅጂው እዚህም ማሽን ላይ አለ። የቀድሞ ሳቃችሁን ከፍተው ወጡ።»

«ቀድተን ማስቀመጣችን እውነት ነው» አለ ቀያሹ። «እኔ ግን ስጫወት ነበር። ቅጂውን ጎን ለጎን ከፍቼው ሊሆን ይችላል።»

«ስጫወት ነበር አሉ፣ አንዴም ሳይቋረጥ። አካውንቱ ግን በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አይከፈትም። ከአራት ሰዓት ከአምስት ጀምሮ ጌሙ የተከፈተው እዚህ ነው።» ስክሪኑን አበራችው። «ይህን ሕግ እርስዎ ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ጓደኛዎን ግን ከልጅነት ጀምሮ ያውቁታል፤ ያ ወረቀት እዚያ ተለጥፎ በሥራ ሰዓት ጌም ይከፍታል ብለው አልጠረጠሩም። ሲገቡም ስክሪኑ ጠፍቶ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ከፈተው?» አለ ምክትሉ፣ ክሱን ረስቶት።

መርማሪዋ የኩባንያውን ደብዳቤ አወጣች። «ሰጪው፣ ተቀባዩ እሺ እስኪል ድረስ ጨዋታውን በራሱ ማሽን ከፍቶ ማቆየት አለበት። ጊዜው ሃያ አራት ሰዓት ነው። ትናንት አራት ሰዓት ከአምስት ላይ መስጫውን ሞልቶ ላከ። ሲጠብቅ የነበረው የተቀባዩን እሺታ ነው።» ደብዳቤውን በቀያሹ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ተቀባዩ አንተ ነህ።»

ከእርስዎ ወደ አንተ መውረዷን ሁሉም ሰማ። ቀያሹ ደብዳቤውን አላነሳውም።

«አውቃለሁ» አለ። «ስልኬን ቤት ትቼው ነበር የመጣሁት። ስመለስ መልእክቱ ደርሶ አገኘሁት። ‹ወንድሜ፣ ግማሹ ያንተ ነበር፣ አሁን ሙሉውን ውሰድ› ይላል።» የተሰቀሉትን ጆይስቲኮች ቀና ብሎ አየ። «ባለሱቁ የነገረኝ ሌሊት አልተኛሁም ነበር። ፍርድ ቤቱ ወንበር ላይ አራት ዓመት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ወንድሙ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አያውቅም። የእኔን ቦታ ይዞ፣ የእኔን ጆይስቲክ ጨብጦ ታየኝ። ከሱ ጋር ሲስቅ ታየኝ። አልቻልኩም።»

እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ። ያቺስ መሞቷ ነበር፤ ይህ ሰው ግን ሰርዶው ለሱ በበቀለበት ቀን ነው መስኩን ያቃጠለው። መርማሪዋ ልትጠላው ፈልጋ አልሆነላትም። ቅናትን ታውቀዋለች፤ ባለፈው ወር ሙሉ እራቷን አብሯት በልቷል። ስታቢላይዘር ግን አላነሳችም፤ ልዩነቱ ይሄው ነው፣ ትንሽም አይደለም።

«ለምን እሺ አላልክም?» አለ ባለሱቁ፣ ራሱን መግታት አቅቶት።

ቀያሹ እጆቹን ብቻ አየ።

በዚህ መሃል ስክሪኑ ብልጭ አለ። አራት ሰዓት ከአምስት ሆኗል። «ተቀባዩ በተሰጣቸው ጊዜ ውስጥ አልተቀበሉም» ይላል ጽሑፉ። «ጨዋታው በባለቤቱ ስም ይቆያል።» ባለቤቱ የሬሳ ክፍል ውስጥ ነበር። ፍርዱ የሚለው በሕይወት ሳለ፣ በገዛ እጁ ነው፤ ከእንግዲህ ጌሙ የማንም አይሆንም። ባለሱቁ ኮፍያውን አወለቀ።

ምክትሉ ራሱ የጸጉር አስተካካዩን ካቴና ፈትቶ ለቀያሹ አሰረው። «ሪፖርቱን አንቺ ብትጽፊው ይሻላል» አላት ሲወጣ፣ ፊቷን ሳያይ። እናትየው የተረፈላቸውን ልጅ ክንድ ይዘው ተነሱ፤ እሱ ግን በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ስልኩ ላይ የኔን ስም...» አለ መርማሪዋን። «ታጠፉታላችሁ?»

«ማስረጃ ነው። አይጠፋም። ትንሹ እንደተባለ ይኖራል።»

ራሱን ነቀነቀ። ሠላሳ ዓመት ያስከፋው ስም ነበር፤ አሁን ግን በአፉ ቀስ ብሎ አለው፣ አንድ ሰው ከውስጥ የሚመልስለት ይመስል። «ትንሹ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር» አለ። እናቱ ሊያጽናኑት ብለው በዚያው ስም ሊጠሩት አፋቸውን ከፈቱ።

«ተይው እማዬ» አላቸው። «የሱ ነው።»