የተቀባዩ ቦታ

ይህ ነገር በእውነት ሆኗል።

ማመን ቢከብዳችሁ አልፈርድባችሁም። ታሪኩ የደረሰኝ ከሁለት ሴቶች ነው፤ ለየብቻቸው ነው የነገሩኝ። የማይገጥመውን ጥዬ፣ ሁለቱም በአንድ ቃል የተናገሩትንና አንዷ ብቻዋን ያየችውን ነው የምጽፍላችሁ።

ዘመኑ 1919 ዓ.ም.፣ ወሩ ነሐሴ። ቦታው አራዳ፣ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለ አንድ ክፍል ቤት። ሰዓቱ ሁልጊዜ ከቀኑ አስራ አንድ።

ሌሊት አይደለም... በቀን ብርሃን፣ ሰው በደጅ እያለፈ፣ የተጫነ በቅሎ እየተነዳ።

ለተብርሃን ልብስ ሰፊ ነበረች። ከባሏ ከተክላይ ጋር ከአሊቴና፣ ከአጋሜ የካቶሊኮች አገር፣ ወደ አዲስ አበባ ከመጡ አራት ዓመታቸው ነው። ልጅ የላቸውም። በከተማው ዘመድ የላቸውም። እሱ ግንበኛ ነው። በጋውን ድልድይ ወደሚሠራበት ቆላ ይወርዳል፣ ክረምት ሲገባ ይመለሳል።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ገባ...

ተክላይ አልገባም።

አብረውት የነበሩት ግንበኞች ግን መጡ። «ወንዙ ዳር ቀረ። ትንሽ አሞኛል፣ ነገ እደርስባችኋለሁ ብሎን ነው» አሏት። ያ «ነገ» ሳምንታት አለፉት። ጓደኛው ካሕሳይ ሊፈልገው ወረደ። የእሱም ወሬ ጠፋ።

ለተብርሃን ማወቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በሕይወት አለ ወይስ የለም? እሷስ ሚስት ናት ወይስ መበለት? የሚነግራት ሰው ስታጣ ኖቬና ያዘች።

ኖቬና ዘጠኝ ቀን ሳይቋረጥ የሚደርስ ጸሎት ነው። ካቶሊኮች አንድ ነገር ሲጠፋባቸው ቅዱስ አንጦንዮስ ዘፓዱዋን ይማጸናሉ፤ የጠፋ ያስገኛል ይላሉ። ጸሎቱ መሪና ተቀባይ አለው። መሪው የቅዱሱን ስምና ሥራ ይጠራል። ተቀባዩ «ሰአል ለነ» ይላል፤ ለምንልን ማለት ነው።

በእነሱ ቤት መሪዋ ለተብርሃን ነበረች፤ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥራለች። ተክላይ ማንበብ አይችልም። የእሱ ድርሻ ሁለት ቃል ናት። እሷንም ከማለቱ በፊት የድንጋይ አቧራ የከረመበት ጉሮሮውን ይጠርጋል።

እህ... «ሰአል ለነ»።

ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጧፍ አብርታ የቅዱሱ ሥዕል ፊት ተንበረከከች።

«ቅዱስ አንጦንዮስ ሆይ...»

ዝም አለች።

ሆን ብላ አይደለም። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ዝም ማለት ለምዳለች። የእሱ ቦታ ነው።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል።

«የጠፉትን የምትፈልግ...»

ዝም...

እንዲህ እያለች ጨረሰች። በየመሐሉ ባዶ ቦታ እየተወች።

ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ሰዓዳ የምትባል የወሎ ሴት ጨውና በርበሬ ትሸጣለች። አፏ አያርፍም።

«አንቺ ለተዬ፣ ያ ቅዱስሽ መለሰልሽ?»

«ገና ነው።»

«ፈረንጅ አይደል? አማርኛውን አስተርጓሚ እየፈለገለት ነዋ!»

ለተብርሃን ሳቀች። በዚያ ሰሞን የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚሲዮኑ ካህን አባ ገብረዮሐንስ ጸሎቱን እንዴት እንደያዘችው ጠየቋት። ነገረቻቸው።

«ተቀባዩስ?» አሉ።

«ቦታውን እተውለታለሁ፣ አባ።»

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ።

«አትተዪ። ብቻሽን ስትሆኚ ሁለቱንም አንቺው በይ። ክፍት አይተውም።»

«ለምን፣ አባ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሺ በይኝ፣ ልጄ» ብቻ አሉ።

«እሺ» አለች።

አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን አፏ እምቢ አላት። የእሱን ቃል በራሷ አፍ ማለት፣ እሱን በገዛ እጇ መቅበር መሰላት።

ቦታውን ተወችለት።

በማግስቱ ዝናቡ በርትቶ ነበር። ለተብርሃን ዓይኗን ጨፍና ትጠራለች።

«የመንገደኞች ጠባቂ...»

ዝም...

«ሰአል ለነ።»

ቀስ ያለ ነው። ከዝናቡ ድምፅ ሥር የወጣ። ከቀኟ... እሱ ከሚንበረከክበት በኩል።

ዞር አለች።

ማንም የለም። አንድ ክፍል ቤት ነው፤ መደበቂያ የለውም።

ጉንጯ በእንባ እየራሰ ቀጠለች። በየባዶው ቦታ ያ ድምፅ ተቀበለ። አንዱንም አልዘለለም።

አልፈራችም። ይህን ደጋግማ ተናግራለች። አልፈራችም፤ ደስ አላት። ደህና ነው፣ በመንገድ ላይ ሆኖ አብሮኝ እየጸለየ ነው ብላ ነው ያሰበችው።

ጠዋት ደጅ ስትወጣ ሰዓዳ ወገቧን ይዛ ጠበቀቻት።

«ደበቅሽኝ! ባልሽ ገብቶ ዝም ትያለሽ? በእልልታ ሰፈሩን ላናውጠው አልነበር?»

«ማን... ማን ነገረሽ?»

«ጆሮዬ! ሁለታችሁም ስትጸልዩ ሰማኋችሁ። ወላሂ፣ የተክላይ ድምፅ ነው።»

«ሲገባ አይተሽዋል?»

ሰዓዳ አሰብ አደረገች። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«አላየሁም» አለች። «ከዚህ በረንዳ ሳልነሳ ነው የዋልኩት... ሲገባም ሲወጣም አላየሁም።»

ያን ቀን ለተብርሃን በደንብ አዳመጠች።

ሰው አንድን ቃል ሁለት ጊዜ በትክክል አንድ ዓይነት አድርጎ አይናገርም። አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል፣ በመሐል ትንፋሽ ይሳባል። ይህኛው አንድ ዓይነት ነበር። አይረዝምም። አያጥርም። ትንፋሽ አይስብም።

ሌላም ነገር ነበረ።

ጉሮሮውን አይጠርግም።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። በልቧ ያዘችው።

በማግስቱ ድምፁ ቀደማት። የቅዱሱን ስም ጠርታ ሳትጨርስ «ሰአል ለነ» አለ። የቸኮለ ይመስል ነበር።

«ተክላይ?» አለች በሹክሹክታ። «የት ነህ?»

«ሰአል ለነ።»

«ደህና ነህ?»

«ሰአል ለነ።»

«ይበርድሃል?»

ረጅም ዝምታ...

«ሰአል ለነ።»

ለተብርሃን ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ራት ለሁለት ሰው አቀረበች። ብቻዋን በልታ፣ የእሱን ድርሻ ሳትነካ ከድና ተኛች። ስህተት እንዳለበት ታውቃለች። ግን ያ ቤት ሰው ድምፅ ካሰማበት ስንት ጊዜው ነው? እሷን ብሎ የመጣ ማን አለ?

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ካሕሳይ መጣ።

እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ደጅ ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ» አለችው።

«አልገባም፣ ሓፍተይ።»

እህቴ ማለቱ ነው። እንደዚያ ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

«ካሕሳይ... ንገረኝ።»

«አገኘሁት። አንዲት ጎጆ ውስጥ፣ ወባ ጥሎት። እጄ ላይ ነው ያረፈው። የቀበርኩትም እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«የሐምሌ ሥላሴ ማግስት። ልመለስ ስል የወንዙ ሙላት ያዘኝ።»

የሐምሌ ሥላሴ... ኖቬናውን ገና ሳታስበው።

ለተብርሃን የበሩን መቃን ያዘች። የለመነችውን አግኝታለች። ቅዱሱ የጠፋውን አስገኝቶላታል። መበለት ናት።

ታዲያ በቤቷ ውስጥ ያለው...

«ሲያርፍ ምን አለ?» አለች።

ካሕሳይ መሬት መሬት አየ።

«ምንም። በመጨረሻ ጊዜ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። አፉን ይከፍታል... ምንም አይወጣም።»

ወደ ሚሲዮኑ ሮጠች። አባ ገብረዮሐንስ ሩቅ ሰፈር በሽተኛ ሊያቆርቡ ወጥተዋል፤ ከነገ በፊት አይመለሱም። ምናልባት ቢመለሱ ብላ ስትጠብቅ ቀኑ ወደ አስራ አንድ ሰዓት ተጠጋ። ስትመለስ ዝናቡ እንደገና ጀምሯል።

በመንገድ ላይ ቆረጠች። ዛሬ አልጸልይም።

ጧፍ አላበራችም። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጥታ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች፣ ስፌቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ጠቅላላ ሰፈሩ ፊቷ ነው። ሰዓዳ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ጨው ትሰፍራለች።

አስራ አንድ ሰዓት ሆነ።

ዝም ነው።

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ወጋች...

እህ...

ከኋላዋ ጉሮሮ ተጠረገ።

እጇ ባለበት ቀረ። እንደማይጠርግ ያስተዋለችው በልቧ ብቻ ነበር። ለማንም አልተናገረችም።

«ቅዱስ አንጦንዮስ ሆይ...» አለ ድምፁ።

አልተቀበለም። እየመራ ነው። ማንበብ የማይችለው ሰው ጸሎቱን ከመጀመሪያው ጀመረው።

ከዚያም ዝም አለ።

ቦታ ትቶላታል።

ዝምታው ጀርባዋ ላይ ተጣበቀ። ሁለት ቃል ናት። ብትላት... ነገም በዚህ ሰዓት ብቻዋን አትሆንም። ከነገ ወዲያም። ማን ያውቃል? ማንስ ይፈርድባታል?

አፏ ተከፈተ።

የካሕሳይ እጅ ታያት፤ ጥፍሩ ውስጥ የቀረው የቆላ አፈር።

በነጠላዋ አፏን አፍና ተነሳች። ዞር ሳትል፣ ባዶ እግሯን፣ ዝናቡን ሰንጥቃ መንገዱን ተሻገረች። የሰዓዳ በረንዳ ጥግ ላይ ሄዳ ቆመች። ሰዓዳ አላየቻትም፤ ጎንበስ ብላ ሥራዋ ላይ ናት።

በመንገዱ ማዶ፣ ከተከፈተው በር፣ ድምፁ ተሰማ።

«የጠፉትን የምትፈልግ...»

ለተብርሃን ነጠላውን በጥርሷ ነከሰች።

አልመልስም። አልመልስም።

ዝም...

«ሰአል ለነ።»

የሴት ድምፅ ነው።

ሰዓዳ ቀና ሳትል ፈገግ አለች። «ባልና ሚስቱ ጀመራችሁ ዛሬም» ብላ አጉተመተመች። ከዚያ የራሰ ልብስ ጠብታ ጨውዋ አጠገብ ሲወድቅ አይታ ቀና አለች።

ለተብርሃንን አየቻት።

ቤቱን አየች።

መልሳ ለተብርሃንን አየቻት። በእጇ የያዘችው መስፈሪያ ቀስ ብሎ ተዘነበለ። ጨው መሬት ላይ ፈሰሰ።

«አንቺ... እዚህ ነሽ እንዴ?» አለች በሹክሹክታ።

ለተብርሃን በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ታዲያ ማነው የሚቀበለው?»

መልስ አያስፈልገውም ነበር። ሁለቱም ድምፁን ያውቁታል። ቃሉን መጨረሻ ላይ ለስለስ የሚያደርግ፣ የአጋሜ ለዛ ያለበት... የለተብርሃን የራሷ ድምፅ ነው።

«የመንገደኞች ጠባቂ...»

«ሰአል ለነ።»

«የብቸኞች ወዳጅ...»

«ሰአል ለነ።»

እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ። ሰው በመንገዱ ያልፋል፤ ማንም ዞር አይልም። ለእነሱ በክረምት ከቤታቸው የሚጸልዩ ባልና ሚስት ናቸው። በመሐል አንዲት ቦታ እንኳ ክፍት አልቀረችም።

ጸሎቱ አለቀ።

«አሜን» አሉ ሁለቱም ድምፆች፣ አንድ ላይ።

ዝናቡ ጋብ አለ። ለተብርሃን አንድ እግሯን ከበረንዳው አወረደች። ወዴት ትሂድ? ያላት ቤት ያ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ በሩ ተንቀሳቀሰ።

ነፋስ አልነበረም። ሰው ከብርድ እንደሚሸሽ፣ ለራሱ ቤት እንደሚጠነቀቅ፣ ቀስ ብሎ ገጠመ።

ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲገባ ሁለቱም ሰሙ።