የላቀው ፍትሐት

በታኅሣሥ ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.፣ ከቡሬ በላይ ባለች ደብር፣ የገበሬው የላቀው አስከሬን በቃሬዛ ላይ እንዳለ ከቅጥሩ በር ውጭ አደረ። ራሱን ውሃ ውስጥ ጥሏል ተብሏልና ፍትሐት ተከለከለ። መስከረም ላይ ልጁን ቀብሮ ስለነበር ሰው ወሬውን ለማመን አልተቸገረም።

«እኔም ልቤ አልወደደውም፤ ሕጉ ግን እንዲያ ነው» አሉ ቄስ ገብረ ሕይወት።

ከፍኖተ ሰላም የተጠራው መርማሪ፣ አምሳ አለቃ እጅጉ፣ አስከሬን ማየት የሰለቸው ሰው ነበር። የሟችን ሚስት አደይን አስቀድሞ ጠየቃት።

«ትናንት ጠዋት ጅረቱ ነጠፈብን» አለች። «‹ተራው የታችኞቹ ሆኖ ሳለ ማን ጠለፈው?› ብሎ ውሻውን አስከትሎ ወጣ። ውሃው ከቀትር በኋላ ተመለሰ፤ እሱ ግን አልተመለሰም።»

የሟች ወንድም ተስፋው ከእሷ ርቆ ቆሟል። «እኔ በማለዳ ቡሬ ገበያ ወርጃለሁ። ጅረቱን የተሻገርሁት እግሬን ሳላረጥብ ነው።»

ከጅረቱ ላይ በኩል የሚያርሰው ጎረቤታቸው ክንዱ ግን አይቻለሁ ባይ ነበር። «ረፋድ ላይ ነው ጌታው። መሻገሪያው ላይ ዘሎ ገባ፤ ውሃው ወስዶ ከድንጋይ አላተመው። ጭንቅላቱን ያዩታል።»

እጅጉ የላቀውን ውሻ ይዞ በጅረቱ ዳር ሽቅብ ሄደ።

«ምስክር አጡና ውሻ ያዙ?» ሲል ክንዱ ከኋላው ቀለደ።

ውርጩ ከሣሩ ላይ ገና አልረገፈም። ከውሃው ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። ውሻው መሻገሪያውን ሳይቆም አለፈ። ከክንዱ ቦይ አፍ ሲደርስ ተኛ፤ እጅጉ ቢጎትተውም እንቢ አለ። የቦዩ አፍ በአዲስ ጭቃ ተደፍኗል። ከበታቹ ያለው የክንዱ ነጭ ሽንኩርት መደብ ግን እስከ ዳር ርሷል።

እጅጉ ተመልሶ ሁሉንም ከቃሬዛው ዙሪያ ሰበሰበ።

«አደይና ተስፋው ከተኮራረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ተማክረው አይዋሹም። ሁለቱም ጠዋት ጅረቱ ደረቅ ነበር ይላሉ። ክንዱ፣ የሌለ ውሃ ሰው አይወስድም። ውሃው አንተ መደብ ላይ ነበር። ላቀው ደረሰብህ፤ መታኸው። መሻገሪያው ላይ አጋደምኸውና ቦይህን ደፍነህ ውሃውን ለቀቅህበት። ከቀትር በኋላ የመጣው ውሃ ያ ነው። ውሃው ሲወስደው አይተሃል፤ ሰዓቱን ነው የሳትኸው።»

ክንዱ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሽንኩርቴ ሊደርቅ ነበር» አለ።

አደይ ቀና ብላ አየችው። «አያ ክንዱ፣ ያ ተራ እኮ የኛ ነበር። ብትለምነው ይሰጥህ ነበር።»

ቄስ ገብረ ሕይወት የቅጥሩን በር በእጃቸው ከፈቱ።

«አስገቡት» አሉ።